የከተማ ወረቀትና የመንግሥት ቃል

ስለ ጀርመን ገንዘብ የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። በ1923 ዓ.ም. ደመወዙን በእጅ ጋሪ እየገፋ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሠራተኛ፥ እንጨት ከመግዛት ይልቅ የወረቀት ገንዘብ መማገድ የረከሰላት የቤት እመቤት፥ እነዚህ ሥዕሎች የኤኮኖሚ መጻሕፍት የማይሰለቹአቸው ናቸው። ተማሪው ሥዕሉን አይቶ ይስቃል። መምህሩም ገንዘብ ሲበዛ ዋጋ ይንራል የሚለውን ደንብ በሰሌዳው ላይ ጽፎ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

እኛ ግን ታሪኩ ከዚያ አይጀምርም እንላለን። ከጋሪው ሥዕል ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1914 ዓ.ም.፥ በትናንሽ የጀርመን ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች የታተመ ሌላ ወረቀት አለ። ጀርመኖች «ኖትጌልድ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ የችግር ጊዜ ገንዘብ ማለት ነው። ይህ ወረቀት ዛሬ የሚታወሰው በሁለት ዓይነት ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው። አንደኛው ሥዕሉ አምሮት በአልበም የሚሰበስበው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሥርዓት አልበኝነት ምልክት አድርጎ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያወግዘው ጸሐፊ ነው። ሁለቱም ዋናውን ነገር የሳቱ ይመስለናል። በእኛ አስተያየት ኖትጌልድ የሚያስተምረው፥ ገንዘብ ማለት ቃል መሆኑን፥ ቃሉም የሚታመነው ሰጪው በቅርብ ሲገኝና ሲጠየቅ መሆኑን ነው። ይህን ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ እንጀምር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የጀርመን ማርክ በወርቅ ላይ የቆመ ነበር። የራይኽስባንክን ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው በምትኩ የወርቅ ማርክ መቀበል ይችል ነበር። በጁላይ 1914 መጨረሻ የጦርነቱ ወሬ ሲጠና ሕዝቡ ወረቀቱን እየያዘ ወደ ባንክ ጎረፈ። ባንኩም በጁላይ 31 ቀን ወርቅ መስጠቱን አቆመ፤ በኦገስት 4 ቀን የወጡት ሕጎችም ይህንኑ አጸኑት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። ወርቅ ያለው ወርቁን፥ የብር ሳንቲም ያለው ብሩን ሸሸገ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ወረቀቱ ብቻ ሆነ። መጥፎው ገንዘብ ደህናውን ያባርራል የሚለው የግሬሻም ሕግ በመጽሐፍ ሳይሆን በገበያ ታየ።

ነገር ግን ያ ወረቀት ለዕለት ኑሮ የሚበቃ አልነበረም። የራይኽስባንክ ትንሹ ወረቀት 20 ማርክ ነበር፤ ከዚያ በታች የነበሩት የግምጃ ቤቱ የ5 እና የ10 ማርክ ወረቀቶች ናቸው። ማርኩ ደግሞ በ100 ፕፌኒግ ይመነዘራል፤ የድኻ ገበያ የሚውለው በፕፌኒግ እንጂ በ20 ማርክ አይደለም። መንግሥትም ይህን አይቶ በዚያው በኦገስት የብድር ቤቶች አቋቁሞ የ1 እና የ2 ማርክ ወረቀት ሳይቀር እንዲያወጡ አደረገ። ሆኖም ይህ ወረቀት ከበርሊን ተነሥቶ ሠራዊት በሞላው ባቡር በየጠረፉ እስኪደርስ ድረስ ገበያው አይጠብቅም።

ዝርዝር ጠፋ ሲባል ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዳቦ የሚገዛው በዝርዝር ነው፤ ትራም የሚሳፈሩት በዝርዝር ነው፤ የቀን ሠራተኛም ሒሳቡ የሚታሰብለት በዝርዝር ነው። ሱቅ ገብቶ በመልሱ ፈንታ ከረሜላ ወይም ማስቲካ የተሰጠው ሰው ሁሉ የነገሩን ጠባይ ያውቀዋል። አባቶቻችንም በማርትሬዛ ብር ዘመን ለትንሹ ግብይት አሞሌ ጨውና ጥይት ይቀባበሉ የነበረው ለዚሁ ነው። ዝርዝር ሲጠፋ ሀብታሙ በዱቤ ይገዛል፥ ስሙ ይታወቃልና፤ ድኻው ግን በእጁ ገንዘብ ይዞ ሳይበላ ያድራል። እንግዲህ የጦርነቱ የመጀመሪያ የገንዘብ ችግር ያረፈው በማን ላይ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፥ የየከተማው ሹማምንት የሕግ መጽሐፍ ለማገላበጥ ጊዜ አልነበራቸውም። በተለይ ከጦር ሜዳው አጠገብ በነበሩት አገሮች፥ በምሥራቅ በኩል በፕሩሲያ ጠረፍ፥ በፖዘንና በሲሌዥያ፥ በምዕራብ በኩል ደግሞ በአልዛስና በሎሬን፥ ማዘጋጃ ቤቶች የራሳቸውን ወረቀት ማውጣት ጀመሩ። አንዳንዱ በከተማው ማተሚያ ቤት በችኮላ የታተመ ነበር፤ አንዳንዱም በጽሕፈት መኪና ተጽፎ ማኅተም የተመታበትና ከንቲባው በእጁ የፈረመበት ብጣሽ ወረቀት ነበር። የማዕድንና የፋብሪካ ባለቤቶችም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ እንዲሁ አደረጉ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ያ ወረቀት ሕጋዊ ገንዘብ አልነበረም። ማንንም ሰው ተቀበል ብሎ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረውም፤ መንግሥትም አይቶ እንዳላየ አለፈው እንጂ አልሾመውም። ታዲያ ዳቦ ጋጋሪው ለምን ተቀበለው? የፈረመውን ሰው ስለሚያውቀው ነው። ከንቲባው በዚያው ከተማ ይኖራል፤ ግምጃ ቤቱ ከገበያው ማዶ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የመመለሻው ቀን ተጽፏል፤ ዳቦ ጋጋሪው ራሱ ለዚያው ማዘጋጃ ቤት ግብር ስለሚከፍል ወረቀቱን ለግብሩ ያደርገዋል። በራይኽስባንክ ወረቀት ላይ ደግሞ በወርቅ ይመለሳል የሚለው ቃል ተጥሶ ነበር። ስለዚህም በዚያ ወራት ከሁለቱ ወረቀቶች ቃሉን የጠበቀው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ነገር መቈስቈስ አይደለም።

ጦርነቱ በገና ያልቃል ተብሎ ነበር፤ አላለቀም። ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ ችግር መጣ፤ ይኸውም የብረታ ብረት እጥረት ነው። የ5 እና የ10 ፕፌኒግ ሳንቲም የሚሠራው ከመዳብና ከኒኬል ነበር፤ የ1 እና የ2 ፕፌኒግ ሳንቲምም መዳብነት ያለው ነው። መድፍና ጥይት ደግሞ መዳብና ኒኬል ይፈልጋሉ፤ የእንግሊዝ መርከቦችም ባሕሩን ዘግተው ነበር። ስለዚህ የ5 እና የ10 ፕፌኒጉ ሳንቲም በብረት ተተካ፤ በ1916 የ1 ፕፌኒጉ አሉሚኒየም ሆነ፤ በ1917 ደግሞ 10 ፕፌኒጉ ከዚንክ ይሠራ ጀመር። መንግሥት ሳንቲሙን ከሕዝቡ ኪስ እየሰበሰበ ወደ ጦር ግምባር ላከው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህን ጊዜ ሁለተኛው የኖትጌልድ ማዕበል ተነሣ። በ1916ና በ1917 ዓ.ም. በመላው ጀርመን ከተሞችና ወረዳዎች የ5፥ የ10፥ የ25ና የ50 ፕፌኒግ ወረቀት አወጡ፤ ከብረትና ከዚንክም የራሳቸውን ሳንቲም ቀረጹ። ይህ ያ ብዙ ሰው ድንች አጥቶ የከብት ቀለብ የሚባለውን ሥራ ሥር እየቀቀለ የከረመበት የረሀብ ክረምት የነበረበት ጊዜ ነው፤ የዚያ ክረምት ትዝታ በኋላ በአንዳንድ ከተሞች ወረቀት ላይ እስከ መሣል ደርሷል። የጦር እስረኞች ሰፈሮች እንኳ የየራሳቸው ገንዘብ ነበራቸው። የዚያኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እስረኛው እውነተኛ ገንዘብ በእጁ ቢገባ አምልጦ ባቡር ይሳፈርበታል ተብሎ ስለ ተፈራ ነው። እንግዲህ አንዱ ዓይነት ወረቀት ሰውን ገበያ ለማድረስ፥ ሌላው ደግሞ ከአጥር እንዳይወጣ ለማድረግ ይታተም ነበር። ወረቀት በራሱ ደግም ክፉም አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ይህ ችግር እስከ አህጉራችን መድረሱንም መርሳት አይገባም። ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር፥ በዚያ ዘመን የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ትባል በነበረችው ቅኝ ግዛት፥ ጦርነቱ ከአውሮፓ ጋር የነበራትን መንገድ ቈረጠው። ገንዘብ ከበርሊን መምጣቱ ሲቀር የጀርመኖቹ ባንክ እዚያው ጊዜያዊ የሩፒ ወረቀት ማተም ጀመረ። በ1916 ዓ.ም. ታቦራ በሚባለው ከተማ በባቡር መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የነሐስ ሳንቲምና በላዩ ዝሆን የተቀረጸበት የ15 ሩፒ ወርቅ ተሠራ። በ1917 ደግሞ ሠራዊቱ ወደ ዱር ሲሸሽ ወረቀቱን በላስቲክ ማኅተም እየመቱ እስከ ማውጣት ደረሱ። ያ ወረቀት የተከፈለው እህልና ጉልበት ላቀረበው አፍሪካዊ ጭምር ነበር። ሰጪው ሲሸሽ ተቀባዩ ወረቀቱን ይዞ ቀረ። በጀርመን ከተማ የነበረው ዳቦ ጋጋሪ ከንቲባውን ሄዶ ይጠይቃል፤ ከታቦራ ገጠር ያለው ገበሬ ግን ማንን ይጠይቅ? ተጠያቂ የሌለው ቃል ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። አንዳንድ መምህራን፥ በየመንደሩ ገንዘብ መታተሙ የኋላውን ጥፋት አመጣ፤ አንድ መንግሥት አንድ ገንዘብ ብቻ ሊኖረው ይገባል ይላሉ። የሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር እውነትነት እኛም አንክድም። የመጀመሪያው ግን ጥፋተኛውን ትቶ ምስክሩን ማሰር ነው።

የጀርመንን ገንዘብ ያፈረሰው ጦርነቱ የተከፈለበት መንገድ ነው። መንግሥት የጦርነቱን ወጪ በግብር ለመሸፈን አልደፈረም፤ ባለሀብቱን ማስቀየም አልፈለገምና። ከ1914 እስከ 1918 ዓ.ም. ዘጠኝ ጊዜ የጦርነት ብድር ከሕዝብ ለመነ፤ በጠቅላላው ወደ 98 ቢሊዮን ማርክ ተሰበሰበ። የግምጃ ቤቱ ኀላፊ ካርል ሔልፈሪኽ በግልጽ ይናገር የነበረው ሐሳብም ዕዳውን በመጨረሻ የሚከፍሉት የተሸነፉት ጠላቶች ናቸው የሚል ነበር። ብድሩ ያልሸፈነውን ደግሞ ማተሚያው ሸፈነው። በጦርነቱ ዘመን በአገሪቱ የሚዘዋወረው ገንዘብ ከአራት እጥፍ በላይ አደገ። ባልታረደ በሬ ቆዳ መማገት ይሉሃል ይህ ነው። ሲሸነፉ ቆዳውም በሬውም የለም፤ ይልቁንም ዕዳ ከፋዮቹ ራሳቸው ሆኑ።

ከዚህ ከ98 ቢሊዮን ጎን የአንዲት ከተማ የ50 ፕፌኒግ ወረቀት ምንድር ነው? ያውም የጥንቶቹ የከተማ ወረቀቶች በአብዛኛው የተሸሸገውን ሳንቲም ተክተው የቆሙ ናቸው፤ ገበያው የነበረውን ዝርዝር መለሱለት እንጂ አዲስ ሀብት መስለው አልመጡም። በ1918 መጸው መንግሥት ሽንፈቱን ሲያይና ሕዝቡ ገንዘቡን ከባንክ ለማውጣት ሲሻማ፥ የራይኽስባንክ ማተሚያ አልደርስ አለው። በዚያን ጊዜ ከ5 እስከ 50 ማርክ የሚደርሱ ትልልቅ ወረቀቶችን አትማችሁ አግዙን ብሎ ከተሞቹን የጠየቀው ባንኩ ራሱ ነው። ትናንት ሥርዓት የለሽ ይባል የነበረው የማዘጋጃ ቤት ወረቀት፥ በጭንቅ ቀን የመንግሥት ምርኩዝ ሆነ።

ይህን ስንል ከተሞቹን ሁሉ ቅዱሳን ማድረጋችን አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን ያየ እንዲህ ሊል አይችልም። ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ ኖትጌልድ መልኩን ለወጠ። ሰብሳቢዎች ወረቀቱን እንደ ቴምብር መግዛት ጀምረው ነበርና፥ ከተሞች ይህን እንዳወቁ ባለብዙ ቀለም ወረቀት በተከታታይ ቁጥር እያሳተሙ ይሸጡ ጀመር። የሐመልን ከተማ አይጦቹን በዋሽንቱ እያባበለ የወሰደውን የተረት ሰው ሣለች። የቢለፌልድ ቁጠባ ባንክ በሐርና በበፍታ ላይ አሳተመ። ማይሰን የሸክላ ጥበቧን ተጠቅማ ከሸክላ ሳንቲም ሠራች። የኦስተርቪክ ቆዳ ፋቂዎች ያሉበት ከተማ በቆዳ ላይ አተመ። ሥዕሉ ያምራል፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን አብዛኛው ዳቦ እንዲገዛበት ታስቦ የታተመ አልነበረም። ሰብሳቢው በአልበም ሲያስቀምጠው ከተማው ምንም አይከፍልም፤ እንዲያውም በአንዳንዱ ላይ የተጻፈው የመመለሻ ቀን ወረቀቱ ከመሸጡ በፊት ያለፈ ነበር። ቃል መስሎ ቃል ያልሆነ ወረቀት ማለት ይህ ነው።

ከዚህም የከፋ ነበር። ማንም ሳይቈጣጠራቸው የፈለጉትን የማተም ነጻነት ያገኙ ከተሞች ምን አተሙ? አንዳንዱ የአገሩን ታሪክና ተረት አተመ። በሽሌስቪግ ያሉት ደግሞ በ1920 ዓ.ም. ድንበሩን ለመወሰን የተደረገውን የሕዝብ ድምፅ አተሙ። አንዳንዱ ግን በአይሁድ ላይ የሚያላግጥና ጥላቻ የሚዘራ ሥዕል አወጣ፤ ያውም ሒትለር ሥልጣን ከመያዙ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ። ያ ወረቀት የጓዳ ወሬ አልነበረም፤ የከተማ ማኅተም ያለበት ነው። የቅርብ ሹም ይታመናል ስንል፥ የቅርብ ሹም የጎረቤቱን ጥላቻም አብሮ ሊያትም እንደሚችል መዘንጋት የለብንም። መንግሥት በጁላይ 17 ቀን 1922 ዓ.ም. ኖትጌልድን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ ለሕጉ በቂ ምክንያት ነበረው።

ሕጉ ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላው ውሃ በላው። በጃንዋሪ 1923 ፈረንሳይና ቤልጂክ የሩርን የከሰል አገር ያዙ። የጀርመን መንግሥትም ሥራ ለማቆም ለወሰኑት ሠራተኞች ደመወዝ ለመክፈል ማተሚያውን ለቀቀው። ራይኽስባንክ ከ130 በላይ ማተሚያ ቤቶችና 30 ያህል የወረቀት ፋብሪካዎች እየሠሩለት እንኳ የሚበቃ ወረቀት ማድረስ አቃተው። ከተሞች፥ ፋብሪካዎች፥ የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሳይቀር የየራሳቸውን ማተም ጀመሩ። በቱሪንጊያ የአገሩ ባንክ የሚሊዮን ማርክ ወረቀት ቶሎ ይሠራልን ብሎ ወደ ባውሃውስ የጥበብ ትምህርት ቤት ላከ፤ ሥራው የተሰጠውም ገና 23 ዓመቱ ለነበረ ሔርበርት ባየር ለተባለ ተማሪ ነው። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው የአንድ አገር ገንዘብ እንዲሥል መታዘዙ ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን ያ ወጣት የሣለው ወረቀት ስንት ቀን ዳቦ ገዛ ብሎ መጠየቅም ይገባል።

የ1923 ዓ.ም. ኖትጌልድ ከ1914ቱ ጋር ስሙ እንጂ ግብሩ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ዝርዝር ለጠፋበት ገበያ ዝርዝር ሰጠ። የኋለኛው ግን ለብዙ አሳታሚዎች ያለ ወለድ መበደሪያ ሆነ። ፋብሪካው ለሠራተኛው በራሱ ወረቀት ይከፍላል፤ ሠራተኛው ወረቀቱን በጥቂት ሱቆች ብቻ ይቀበሉታል፤ ፋብሪካው ዕዳውን የሚከፍልበት ቀን ሲደርስ ገንዘቡ ዋጋ አጥቷል። የላብ ዋጋ በመንገድ ላይ ተነነ ማለት ነው። ራይኽስባንክም ይህን ወረቀት እንደ ደህና ገንዘብ ይቀበል ስለ ነበር እሳቱ ላይ ጭድ ጨመረበት። እዚህ ላይ ወቃሾቹ ትክክል ናቸው፤ እኛም አብረናቸው እንወቅሳለን።

በኖቬምበር 15 ቀን 1923 ዓ.ም. ሬንተንማርክ የሚባለው አዲስ ገንዘብ ወጣ። አንዱ ሬንተንማርክ በ1,000,000,000,000 የወረቀት ማርክ ተመነዘረ። የገንዘብ ኮሚሽነር ሆኖ የተሾመው ሒያልማር ሻኽት በዚያው ወር ራይኽስባንክ ኖትጌልድ መቀበሉን እንዲያቆም አደረገ። የራይን አገር ነጋዴዎችና ባለ ፋብሪካዎች ጮኹ፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። ሰውየው በኋላ ዘመን ለሒትለር ያገለገለ ቢሆንም ያን ቀን ያደረገው ትክክል ነበር። ቃሉን የማይጠብቅ ወረቀት እንደ ገንዘብ መቈጠሩ መቅረት ነበረበት።

አሁን አንድ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሕዝቡ ለጦርነቱ ያበደረው 98 ቢሊዮን ማርክ በአዲሱ ገንዘብ ሲመነዘር ስንት ይሆናል? 98 ቢሊዮንን ለአንድ ሺህ ቢሊዮን ማካፈል ነው። መልሱ ከ10 ፕፌኒግ ያነሰ ነው። የመበለቲቱ ቁጠባ፥ የመምህሩ ጡረታ፥ የገበሬው ጥሪት፥ ሁሉም ተደምሮ በንጉሠ ነገሥት ስም የተሰበሰበው ሁሉ፥ ሲመነዘር አንድ ትንሽ ዳቦ የሚገዛ አልነበረም። በ1917 ዓ.ም. የአንዲት ከተማ የ10 ፕፌኒግ ወረቀት ይዞ በቀነ ገደቡ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የመለሰ ሰው ግን 10 ፕፌኒጉን ተቀብሎ ቤቱ ገብቷል። በኋላ ዘመን አስቀያሚው ወረቀት ተስቆበታል፤ ባለ ንስር ማኅተሙ የብድር ሰነድ ግን ስንት ቤት አፍርሷል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ከዚህ ተነሥተው ሌላ ጫፍ ይዘዋል። የአካባቢ ገንዘብ ለድህነት መድኃኒት ነው ይላሉ፤ በ1932 ዓ.ም. ቬርግል በተባለችው ትንሽ የኦስትሪያ ከተማ የሆነውንም ይጠቅሳሉ። እዚያ ሚኻኤል ኡንተርጉገንበርገር የተባለ ከንቲባ በሥራ ማጣት ዘመን የከተማውን ወረቀት አውጥቶ መንገድና ድልድይ አሠርቶበታል። ወረቀቱ እንዳይከማች በየወሩ ከመቶ አንድ የሚያስከፍል ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። በ1933 ዓ.ም. የአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ ከለከለው። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ወዳጆቻችን የሚረሱት አንድ ነገር አለ። ከንቲባው ለዚያ ወረቀት ልኩን የሚሆን እውነተኛ ሽሊንግ በገንዘብ ቤት አስቀምጦ ነበር። ወረቀቱ የታመነው ቴምብሩ ስላማረ አይደለም፤ መያዣው ስለ ነበረ ነው። ያለ መያዣ ቬርግልን እንምሰል የሚል ሰው የ1923ን ፋብሪካ ይመስላል እንጂ ቬርግልን አይመስልም።

እንግዲህ አስተያየታችንን እንሰብስብ። አንደኛ፥ መምህራኖቻችን የጀርመንን የዋጋ ንረት ሲያስተምሩ ከ1923 ሳይሆን ከ1914 እንዲጀምሩ እንለምናለን። ከ1923 የጀመረ ትምህርት ጥፋቱን በማተሚያ መኪናው ላይ ጥሎ ያልፋል። ከ1914 የጀመረ ትምህርት ግን ጦርነቱን ማን አወጀው፥ ወጪውን ማን ሸሸ፥ በመጨረሻስ ማን ከፈለ የሚለውን ጥያቄ ሳይነካ ማለፍ አይችልም። ኤኮኖሚ ማለት የቍጥር ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ዕዳ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ የሚመረምር ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፥ ለተማሪ ጓደኞቻችን የምንለው አለ። ከዚህ ግቢ ስንወጣ አብዛኞቻችን በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ እንቀመጣለን። ወረቀት እናወጣለን፥ እንፈርማለን፥ ማኅተም እንመታለን። ሁሉም ገንዘብ አይሆንም፤ ደረሰኝ ይሆናል፥ የመሬት ሰነድ ይሆናል፥ የሥራ ውል ይሆናል። ሁሉም ግን ቃል ነው። የዚያን ዘመን ዳቦ ጋጋሪ የሚጠይቀውን ጥያቄ የሚጠይቀን ሰው አይጠፋም፤ የፈረመው ማን ነው፥ ለቃሉ መያዣ የተቀመጠው ምንድር ነው፥ የሚፈጸመው በየትኛው ቀን ነው ይለናል። ይህን የጠየቀንን ሰው ነገረኛ ብለን ከደጅ ከመለስነው፥ ለ98 ቢሊዮኑ ሰነድ ፈራሚዎች የሥራ ባልደረቦች መሆናችን ነው።

ሦስተኛውንም ከራሳችን ቤት እንጀምር። ማኅበራችን ከእያንዳንዱ ተማሪ መዋጮ ይቀበላል፤ በምትኩም ደረሰኝ ይሰጣል። ያቺ ደረሰኝ ትንሽ ናት፤ እንደ 10 ፕፌኒጓ ወረቀት ናት። እኛ ግን የምናከብራት ትንሽነቷን አይተን ሳይሆን የተማሪውን እምነት ስለያዘች ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ሒሳብ በየሴሚስተሩ በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፥ ማን እንደ ፈረመና ምን ያህል በእጅ እንዳለም ማንም አላፊ አግዳሚ እንዲያነበው እንጠይቃለን። ለትልቁ ቃል የምንታመነው በትንሹ ስንታመን ነውና። ከቃል የወለዱት ይጥፋ ያሉት አባቶቻችን የራይኽስባንክን ወረቀት አላዩም፤ ነገሩን ግን ከብዙ ባለ ባንክ ይልቅ ያውቁት ነበር።